ፍሊፓንት የተባልኩ ሰሞን

ጥቅምት 6

ዛሬም ጄሶ ሳቦካ ዋልኩ። ጋሽ ጄሶ ራዲዮውን ከፍቶ ያንጎራጉራል። (እውነተኛ ስሙን ማን ያስታውሰዋል? ዕድሜ ልኩን ዱቄት መስሎ ነው የሚውለው።) ጥርስ የምንሠራበት ወርክሾፕ ምድር ቤት ነው፣ ክሊኒኩ ከላያችን። የሕመምተኛ ወንበር በተንቀሳቀሰ ቁጥር ጣሪያችን ይንጫጫል።

ከሰዓት ሐኪሟ ከላይ አስጠራችኝ። አንዲት ትልቅ ሴት፣ ሙሉ ጥርስ የሚያሠሩ፣ የላይም የታችም። ንክሻ ሊወሰድ ነው፣ የላይኛውና የታችኛው መንጋጋ የሚገጥሙበት ልክ፣ እሳቸው ግን መንጋጋቸውን ቆልፈውታል። እንዲህ ሲሆን ሐኪሟ እኔን ነው የምትጠራው። ጥርስ የሌለው ሰው አፉን ለመክፈት ያፍራል። ሲያፍር ይወጠራል፣ ሲወጠር ንክሻው ይዛባል፣ በተዛባ ንክሻ የተሠራ ጥርስ ደግሞ ድድ ሲያቆስል ይኖራል። ስለዚህ መጀመሪያ ማሳቅ አለብኝ። ሥራዬ ነው። የጥርስ ቀለም መምረጫውን ሰጠኋቸው፣ በጣም ነጩን መረጡ። «እማማ፣ ይሄ እኮ የመታጠቢያ ቤት ሸክላ ነው» አልኳቸው። ሳቁ። አፋቸውን ሳይሸፍኑ ሳቁ። ንክሻው በአንዴ ወጣ።

ቤት ስገባ አባዬ ሾርባውን ሳይነካው አስቀምጦታል። «ጥርሴ፣ ይሄ ሾርባ አይደለም፣ የሾርባ ወሬ ነው» አለኝ። ጥርሴ የሚለኝ ጥርስ ሠሪ ስለሆንኩ አይደለም፤ ከመዳሄ በፊት ስቄ ነው አሉ። ከስቷል። እኔው የሠራሁለት ጥርስ ሰፍቶት፣ ሲያወራ ቋ ቋ ይላል። እሱ ደግሞ «ጭብጨባ ነው፣ አድናቂዎቼ ናቸው» ይላል።

ነገ ሆስፒታል የምርመራውን ውጤት እንሰማለን። ደህና ይሆናል... ምን ሊሆን ይችላል?

ጥቅምት 7

ሐኪሙ እኔን ብቻ አስገባኝ። ጉበቱ ነው። ከጉበቱም አልፏል። «ወራት ነው?» አልኩት። «ሳምንታት» አለኝ። ጠረጴዛው ላይ የልጁ ፎቶ ነበር፣ የፊት ጥርሷ የወለቀ ትንሽ ልጅ። እሷን ሳይ ቆየሁ። ለአባትሽ እኔ ልንገራቸው ወይስ እናንተ ትነግሯቸዋላችሁ አለኝ። እኔ እነግረዋለሁ አልኩ። ማን አስቀደመኝ?

አባዬ ኮሪደሩ ላይ ከጥበቃው ጋር ተላምዶ አገኘሁት። ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው፣ የትም ቢቀመጥ ተሳፋሪ አያጣም። «እሺ፣ ምን አለሽ?» አለኝ። ዓይኑን አየሁት። ቢጫ ሆኗል። እስከዛሬ እንዴት አላየሁትም? በየቀኑ እያየሁት...

«ጨው ቀንስ አለ» አልኩት። «ደግሞ ከዳኛዋ ጋር አትከራከር አለ።»

ዳኛዋ እህቴ ናት። ስሙን ያወጣላት እሱ ነው። ታላቄ ናት፣ ሌላ ከተማ እንግሊዝኛ ታስተምራለች። አባዬ ሳቀ። ጥበቃውም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ጥርስ ባዳ ነው ይላሉ፣ እውነት ነው። ሆዴ ውስጥ ያለው ሌላ፣ አፌ ላይ ያለው ሌላ።

ጥቅምት 8

እህቴ ደወለች። ሐኪሙ ያለውን ነገርኳት። አለቀሰች። ከዚያ ለአባዬ ነገርሽው ወይ አለችኝ። ያልኩትን አንድ በአንድ ነገርኳት፣ ጨውን፣ ዳኛዋን። ትስቃለች ብዬ ነበር እንዴ? ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ። ከዚያ ቀስ ብላ፦

«ፍሊፓንት ነሽ» አለችኝ። «ታውቂያለሽ? ፍሊፓንት።»

ስድብ መሆኑ ገብቶኛል። የቱ ስድብ እንደሆነ ግን... የኔ እንግሊዝኛ የጄሶ ከረጢት ላይ የተጻፈውን ያህል ነው። በአማርኛ ስደቢኝ አልኳት። «ይኸው፣ አሁንም» ብላ ዘጋችው።

ጥቅምት 9

ስልኬ ላይ ፈለግኩት። ከባድ ጉዳይን እንደ ቀላል ቆጥሮ፣ የሚገባውን ክብር ሳይሰጥ የሚናገር ወይም የሚመልስ ሰው ነው ይላል። ምሳሌም አለው። አንዱ «ስለ ሰው ሞት ፍሊፓንት አትሁን» የሚል ነው። ከዓለም ዓረፍተ ነገር ሁሉ መርጠው ይሄን?

በአማርኛ ምን እንበለው? ቀልደኛ? አይሆንም፣ ቀልደኛ ምስጋና ነው። ፌዘኛም አይደለም፤ ፌዝ ውስጥ ክፋት አለ፣ እኔ በአባዬ አላፌዝኩም። ሽሙጥ ሌላ ነው፣ ሽሙጥ የሚወጋው ሰው ይፈልጋል። ቧልተኛ... ይጠጋል። ዋዘኛ። ነገርን በዋዛ የሚያልፍ። ይሄ ከሁሉ ይሻላል፣ ግን እሱም ልክ አልመጣልኝም። ቀለም እንደ መምረጥ ሆነብኝ፤ እጅ ላይ ሲታይ ይመሳሰላል፣ አፍ ውስጥ ገብቶ ሲርስ ይለያል።

ጋሽ ጄሶን ጠየቅኩት። ትልቅ ነገር ሲመጣበት ትንሽ መልስ የሚሰጥ ሰው ምን ይባላል? «ባለሥልጣን» አለኝ። ሳቅኩ። ከዚያ መታጠቢያው ጋ ሄጄ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ።

ጥቅምት 12

አባዬ ዛሬ ስለ አጎቴ አነሳ። ድንገት ነው፣ መስኮቱ ጋ ተቀምጦ። «ያ ወንድሜ እስካሁን ቀልዱ አልገባውም ማለት ነው?» አለ። ሳይገባቸው ቀርቶ አይደለም...

ወንድማማቾቹ ሁለት ብቻ ናቸው። ከተኳረፉ ስንት ዓመት ሆነ፣ ስምንት? ምክንያቱ ቀልድ ነው። አባዬ ወንድሙ ናፈቁት። ና ቢላቸው ሥራ በዛብኝ ይላሉ። ስለዚህ ደወለና ድምፁን አድክሞ «እየሞትኩ ነው፣ ድረስልኝ» አላቸው። አጎቴ ሌሊቱን ሙሉ ሲጓዙ አድረው እያለቀሱ ገቡ። አባዬ አንሶላ ተከናንቦ ተጋድሟል። ጠጋ ሲሉ አንሶላውን ገለጥ አደረገና «ሞቼ ነበር፣ ድምፅህን ስሰማ ተነሳሁ» አላቸው። እኔ በሳቅ ፈርሼ ግድግዳ ይዤ ነበር።

ያን ዕለት ጠዋት የአጎቴ ሚስት ቀዶ ሕክምና የሚገቡበት ቀን ነበር። ብቻቸውን ገቡ። ድነዋል፣ ግን ሲነቁ ባላቸው አጠገባቸው አልነበሩም። አጎቴ ይህን ነገሩንና ቦርሳቸውን አነሱ። «ሁለተኛ ስትሞት አልመጣም» ብለው ወጡ። አልመጡምም።

አባዬ ከዚያ ወዲህ ይቅርታ አላለም። የሚልበት አፍ የለውም። አንድ ጊዜ ቀልድ ልኮላቸው ነበር፣ በሰው። ያው መልስ አልመጣም።

አሁን ካልተነገረው አይጠራቸውም። ካልጠራቸው ሳይታረቁ... መንገር አለብኝ። ነገ።

ጥቅምት 13

አልነገርኩትም።

ጥቅምት 15

ዛሬ ልነግረው ተቀመጥኩ። አባዬ አልኩት። አቤት አለኝ። «ካልሲህ ተቀዷል» አልኩት። «ለአውራ ጣቴ መስኮት ነው» አለኝ። ተነስቼ ሳህን አጠብኩ።

ማምሻውን ለእህቴ እኔው ደወልኩላት። ስለ አባዬ ሳይሆን ስለ ቃሉ ጠየቅኳት። አስተማሪ አይደለች? ቁጣዋን ረስታ ማስረዳት ጀመረች። ሰው ብቻ አይደለም ፍሊፓንት የሚባለው አለችኝ። መልስ ፍሊፓንት ይሆናል፣ አስተያየት ይሆናል፣ የድምፅ ቃና ራሱ ይሆናል። ሳቂታ ሰው ግን አይባልም። ልጅም አይባልም። ጉዳዩ መክበድ አለበት፣ ያለዚያ ቃሉ ቦታ የለውም። ከዚያ ያለችኝ ነው እንቅልፍ የነሳኝ፦

«ተናጋሪው ነገሩ ከባድ መሆኑን ማወቅ አለበት። ያላወቀ ሰው የዋህ ነው። ፍሊፓንት የሚባለው አውቆ የሚያቀልለው ነው።»

አውቆ... አዎ። ግን ለምን እንደሚያቀልለው መዝገበ ቃላቱ ይጠይቃል? መሸከም ስላቃተው ቢሆንስ? ይህን ልላት ፈልጌ «ማርክ ስንት ሰጠሽኝ?» አልኳት። ወይ እኔ።

ጥቅምት 19

ነገርኩት።

ይህን እንዴት እንደምጽፈው... ፊቱን ላጭቼው፣ ፎጣ አንገቱ ላይ እንዳለ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ጠዋት በልቤ ደጋግሜ ያጠናሁትን ነው ያልኩት፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ። አባዬ፣ ሐኪሙ ያን ቀን የነገረኝ ጨው አይደለም። ጉበትህ ነው። አትድንም። ሳምንታት ነው ያለው።

አየኝ። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። ሊያለቅስ ነው ብዬ እጁን ልይዝ እጄን ዘረጋሁ። ሳቀ። ትከሻው እስኪናወጥ፣ የላይኛው ጥርሱ ወርዶ ፎጣው ላይ እስኪወድቅ ሳቀ። «ወይ አንቺ! በዚህ ፊትሽ ነው?» አለኝ። «ኮስተር ስትይ እኮ ዳኛዋን ቁጭ! እሺ... ከዚያስ?»

ከዚያስ። መጨረሻውን እየጠበቀ ነው። በቤታችን ነገር ሁሉ መጨረሻው ላይ ያስቃል። እናቴ ጥላን የሄደች ቀን እንኳ «ድስቱን ይዛው ሄደች፣ ከኔ ይልቅ እሱ ይሞቃል» ብሎ ነው የነገረን። እኔና እህቴ ሳቅን፣ እህቴ በኋላ አቆመች። እኔ አላቆምኩም።

ጥርሱን ከፎጣው ላይ አነሳሁ። ዓይኑ ይጠብቀኛል፣ እንደ ልጅ። እውነቴን ነው ማለት ነበረብኝ። ሦስት ቃል አይሞላም። «ከዚያማ» አልኩት፣ «ሐኪሙ ራሱ ሲያነብልኝ ደንግጦ ታመመ። ቀድሞህ ነው የሚሄደው።»

እንደገና ሳቀ። ይቺ ጥሩ ናት አለ። ለጥበቃው እነግረዋለሁ አለ።

ለማን አቤት ይባላል? በአፌ እውነት አስገብቼ ቀልድ ሆኖ ወጣ።

ጥቅምት 23

እሱ ካልጠራቸው እኔ ልጥራ ብዬ ለአጎቴ ደወልኩ። ከወርክሾፑ ኋላ፣ የጄሶ ከረጢቶቹ ላይ ተቀምጬ።

«ጋሼ፣ አባዬ እየሞተ ነው» አልኳቸው።

ከዚያ «አጠገብሽ ነው?» አሉኝ። የለም፣ ብቻዬን ነኝ አልኩ። «ስጪው እስቲ፣ ትንሽ ይሳልልኝ» አሉ። ጋሼ እውነቴን ነው አልኳቸው። ማልኩ። በእናቴም በእንጀራዬም ማልኩ። «ያን ጊዜ ግድግዳ ይዘሽ ስትስቂ አይቼሻለሁ» አሉኝ፣ በቁጣ አይደለም፣ ቀስ ብለው። ዘጉት።

እውነታቸውን ነው። ምን አድርገው ይመኑኝ?

ጥቅምት 24

እህቴ አጎቴን ደወልሽላቸው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ደውያለሁ አልኳት። ምን አሉ? «ይመጣሉ፣ ሻንጣ እየመረጡ ነው» አልኳት።

እንዴት ቀለለኝ... «አላመኑኝም» ከማለት «ይመጣሉ» ማለት ቀለለኝ። ነገ ደግሜ እደውልላቸዋለሁ፣ ያኔ እውነት ይሆናል።

ጥቅምት 26

ሁለቴ ደወልኩ። አያነሱም።

ጥቅምት 30

ዛሬ በሥራ ቦታ ኮስተር ብዬ ለመዋል ወሰንኩ። ፍሊፓንት ላለመሆን። ሐኪሟ ለንክሻ ጠራችኝ፣ ሰውዬው ጡረታ የወጣ ዳኛ ነው፣ እውነተኛ ዳኛ። ቀልድ አፌ ላይ መጥቶ ዋጥኩት። «ይክፈቱ» አልኩ፣ «ይንከሱ» አልኩ። ፈራ። ነከሰ፣ ግን መንጋጋው ወደ ጎን ሸሸ። ሦስቴ ሞከርን፣ ሦስቱም ሌላ ሌላ። ሐኪሟ ምነው ዛሬ አለችኝ። አሞኛል አልኩ።

ታች ስወርድ ጋሽ ጄሶ «ፊትሽ ቶሎ ደርቋል፣ ውሃ አነሰው መሰለኝ» አለኝ። ቀልድ ሲሉኝ መልስ ያጣሁት በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ስቀልድ ሰው ይጎዳል፣ ሳልቀልድ ሥራው ይበላሻል። ምን ይሻላል?

ኅዳር 2

እህቴ ፈቃድ አውጥታ መጣች። አባዬ አሁን ከአልጋ አይነሳም፣ አልጋውን ሳሎን መስኮቱ ጋ አምጥተነዋል፣ መንገዱ እንዲታየው። አውቶቡስ ባለፈ ቁጥር «ማርሹን ገደለው» ይላል፣ በሹክሹክታ። ጥርሱን ማድረግ ትቷል። ጉንጩ ገብቷል።

እህቴ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ አቀፈችው። ከዚያ ዞር ብላ እኔን አየችኝ። ጠብ ጠብቄ ነበር። አቀፈችኝ። አንጀቴን በላችው።

አጎቴስ አለች። መንገድ ላይ ናቸው ማለት ይቻላል አልኳት። ማለት ይቻላል! ምን ዓይነት ምላስ ነው ያለኝ?

ኅዳር 4

ዛሬ እነግራታለሁ ስል ዋልኩ። ድንች ስትልጥ አጠገቧ ቆሜ። አልቻልኩም።

ኅዳር 6

ከሰዓት ነው። እህቴ ውሃ በማንኪያ ስታጠጣው ቆይታ ኩባያውን ልታጥብ ገባች። አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ፦

«ጥርሴ» አለኝ። «ያቺ የሐኪሙ ቀልድ...»

«አቤት አባዬ።»

«መጨረሻዋን አበላሸሻት።»

ዓይኑን ገለጠ። እሱ አይደለም አይደል መጨረሻዋ አለኝ። አይደለም አልኩት። ሌላ ምንም አልጨመርኩም። ራሱን ነቀነቀ፣ ቀስ ብሎ፣ ትኬት አይቶ እንደሚያሳልፍ ሰው። ከዚያ «ሳቅኩብሽ እኮ» አለ። ሳቅክ አልኩት።

«ደህና አድርገሽ ነግረሽኝ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው። ሌላ አነጋገር አላስተማርኩሽም።»

እጁን ይዤ ቆየሁ። ከዚያ «ወንድሜን ጥሩልኝ» አለ። እህቴ በሩ ላይ ደርሳ ሰማች። «እየመጡ ነው እኮ አባዬ፣ ደውላላቸዋለች» አለችው። ፊቱ በራ። የበራውን ፊቱን ሳይ መሬት ብትውጠኝ...

ማድ ቤት ገባሁ፣ ተከተለችኝ። እንደማይመጡ ነገርኳት። አላመኑኝም አልኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ቃሉን እንኳ አልደገመችውም። አየችኝ ብቻ፣ ከዚያ ስልኳን አውጥታ መታጠቢያው ጋ ቆማ ደወለች።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ» አለች። «አባዬ እየሞተ ነው።»

ከወዲያ በኩል ለቅሶ ሰማሁ። ያኔውኑ። ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ እነሳለሁ አሉ። ያለችው እኮ እኔ ያልኩትን ነው፣ አንድ ቃል አልለወጠችም። ሁለት ሳምንት ያህል ያን ስልክ መደወል ትችል ነበር። እኔ ነኝ ያስቀረኋት፣ ሻንጣ እየመረጡ ነው ብዬ።

ኅዳር 7

ወርክሾፕ ነኝ። የአባዬን ጥርስ ልክ ለማስያዝ የጨመርኩበት ፕላስቲክ ፍል ውሃ ውስጥ እየበሰለ ነው፣ እስኪወጣ እጄን የማደርግበት አጥቼ ነው ይህን የምጽፈው።

ማለዳ ከእንቅልፌ የነቃሁት አባዬ ሲጠራኝ ነው። እህቴ ስትጠብቀው አድራ ሶፋው ላይ ገና እንቅልፍ ወስዷት ነበር። ጥርሴን አምጪልኝ አለኝ። አስገባሁለት። አይቆምም፣ ይወርዳል፣ ድዱ ሟሟል። «ወንድሜ ያለ ጥርስ ካገኘኝ ያሸንፈኛል» አለ። ፈገግ አልኩ። እሱ አልሳቀም።

«ይቅርታ ልለው ነው» አለኝ። «ገና ሳይነጋ ስሞክረው ነበር። ንፋስ ብቻ ነው የሚወጣው።»

አባዬ ይቅርታ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ቃሉን እየተለማመደ ነበር፣ በጨለማ፣ ብቻውን።

ልክ መውሰጃውን ሊጥ ጥርሱ ውስጥ ሞልቼ አስነከስኩት። ማሳቅ አላስፈለገኝም። መንጋጋው ልቅ ነው፣ ምንም የሚወጥረው ጉልበት የለውም። ጥሩ ንክሻ ወጣ። በሩ ላይ ስደርስ «ቶሎ ነይ» አለኝ።

«ጥርስህን ይዤ የት እጠፋለሁ?» አልኩት።

ድዱን አሳየኝ። ሳቀ ማለት ነው።

አፌን ይዝጋው። ሁለተኛ በከባድ ነገር አልቀልድም ብዬ ምዬ ነበር እኮ። በእህቴ መመዘኛ ጉዳዩ ከባድ ነው፣ መክበዱን አውቃለሁ፣ መልሴ ቀላል ነው። ሁሉም ተሟልቷል። ግን ሳቀ... ሲስቅ ማየቴ ጥሩ ነው ወይስ አይደለም? ማን ይንገረኝ?

ጋሽ ጄሶ ምንም ሳልነግረው ጄሶውን እሱ አፈሰሰልኝ። ራዲዮውን አጥፍቶታል። አሁን ደረሰ አለኝ። ላውጣውና ላለስልሰው።

ኅዳር 9

ከትናንት ወዲያ ቤት ስደርስ አልፎ ነበር።

እህቴ በሩን ስትከፍት ፊቷን አይቼ አወቅኩ። ረፋዱ ላይ ነው አለችኝ፣ እጁን ይዛው ነበር። ወንድሜ መጣ ወይ ብሎ አንዴ ጠይቋል። መንገድ ላይ ናቸው ብላዋለች። እውነትም ነበር፣ በዚያች ሰዓት እውነት ሆኖ ነበር። ከዚያ «ጥርሴስ?» አለ። ጥርሱን ይሁን እኔን አላወቀችም። ልትጠይቀው ጎንበስ ስትል...

ጥርሱ በመሐረብ ተጠቅልሎ ኪሴ ውስጥ ነበር፣ ገና አልቀዘቀዘም። ሰው ከመምጣቱ በፊት አስገባሁለት። ልክ ገባ። ከንፈሩ ሞላ፣ ጉንጩ ተመለሰ፣ አባዬን መሰለ። ከሠራሁት ሥራ ሁሉ እንደዚያ ልክ የመጣ የለም። ምን ሊጠቅም?

አጎቴ ሳይመሽ ደረሱ። ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር። ቦርሳቸውን እንደያዙ ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀላቸው። አላለቀሱም። አልጋው አጠገብ ቆሙ፣ አንሶላውን ከፊቱ ላይ ገለጥ አደረጉ።

«በቃ፣ ተነስ» አሉት።

«መጣሁ እኮ» አሉ። «ተነስ።»

የሳቀችው እህቴ ናት። ዳኛዋ። አፏን በሁለት እጇ ይዛ ሳቀች፣ ሊቆምላት አልቻለም፣ ሴቶቹ ደግፈው አስቀመጧት፣ ያው ወደ ለቅሶ ዞረ። አጎቴ ዞረውም አላዩዋት። እኔን ነው የሚያዩት። ያን ጊዜ የቆምኩበት ግድግዳ ጋ ነበር የቆምኩት፣ ሳላስበው። ፊቴን ፈለጉት። የምስቅ ከሆነ ሊያዩ... እስክስቅ ይጠብቁ ነበር። ምናለ ብስቅላቸው ኖሮ።

አልሳቅኩም። ያኔ ነው አንሶላውን እንደያዙ አልጋው ጠርዝ ላይ የተቀመጡት።

ኅዳር 13

ሰው ሁሉ ሄዷል። እህቴ መኝታ ቤት ልብሱን እያጣጠፈች ነው። አጎቴ ነገ ይሄዳሉ። ማድ ቤት መጥተው ተቀመጡ፣ ውሃ ሰጠኋቸው፣ አልጠጡትም። ብርጭቆውን ያዞሩታል።

እየመጣሁ መሆኔን አውቆ ነበር ወይ አሉኝ። አውቆ ነበር አልኳቸው። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው። ማለዳ እንደጠራኝ፣ ጥርሱን እንደጠየቀ፣ ሳይነጋ ብቻውን ሲለማመድ እንደነበረ። ይቅርታ ሊልዎት ነበር አልኩ። ለእርስዎ ነው ጥርሱን የፈለገው። ምንም አልጨመርኩበትም፣ ድምፄንም አላነሳሁም። እንደዚያ ቀጥ ብዬ ተናግሬ አላውቅም።

አጎቴ አዩኝ። ዓይናቸው የአባዬ ነው። ማመን እንደፈለጉ ይታየኛል፣ በጣም እንደፈለጉ።

«እውነትሽን ነው?» አሉኝ።

«እውነቴን ነው ጋሼ።»

ብርጭቆውን አስቀመጡት። «ክፉ አይምሰልሽ ልጄ» አሉኝ። «እስቲ እህትሽን ጥሪልኝ።»

እህቴ ያን ጠዋት ተኝታ ነበር። አባዬ ያለኝን አልሰማችም። ጠራኋት።